ቀዩ አፈር ሳይደርቅ

ይድረስ ለእህቴ ለአማል፤ አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጅጅጋ ላይ አንቺንም ልጆችሽንም ይጠብቅልኝ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አማልዬ፣ ዘንድሮ የቤታችንን መደብ በቀይ አፈር የምቀባው እኔ ነኝ! አባባ «ከፈላና በር ሰፈር ባለሙያ ላምጣ፤ ቶሎ ጨርሶ ይገላግለናል» ሲሉ፣ እኔ ዝምተኛዋ «ለምን? እኔ እቀባዋለሁ!» አልኩ። እማዬ «አጀብ! ይቺም አፍ አላት?» ብላ ሳቀች። እስከ ክርኔ ቀይ ሆኛለሁ፤ ሲያምር ብታዪው!

አፈሩ ሲደርቅ፣ አንቺን ሊድሩ ሲያስቡ በሩ ላይ ጠቅልለው የሰቀሉት ምንጣፍ እንደገና ይሰቀላል ተብሏል። እማዬ አራግፋ አዘጋጅታዋለች። በየጠዋቱ «ደረቀ?» ትለኛለች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሌላ እደርብበታለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። አባባ የሚሰሙት አንቺን ነውና፣ አፈሩ ሳይደርቅ ነይልኝ።

ታናሽሽ ሰዐዲያ