«ምንም አይጎድልም» ያልኩበት ሕንፃ

ቤርሼቫ፣ ዩድ አሌፍ ሰፈር
ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2025

ለልጄ ለሊያን፣ ሃይፋ

የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ታየ ጉልበቱን እያሻሸም ቢሆን ፋብሪካውን አልተወም። ፊደል ሲያስቆጥርሽ ስንት ተጨቃጭቃችኋል፤ ዛሬ ግን ለእኔ ጠቀመኝ። በስልክ እንደሆነ «ሀኮል በሴደር፣ ኢማ፣ ሁሉም ደህና ነው» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ አይዘጋም።

የምጽፍልሽ ቀንቼ ነው። የቀናሁትም በያፊት፣ በዚያች በተማሪዎች መኖሪያችሁ ኃላፊ። ለዳስ በዓል፣ ለሱኮት፣ መጥተሽ የስልኩን ድምፅ ከፍተሽ ሰላጣ ስትከትፊ፣ «ያ ራስ ማዞርሽ ተሻለሽ? ከሆስፒታል ከወጣሽ ወዲህ ደግሞ ወድቀሻል?» ስትልሽ ሰማኋት። ለካ በበጋው ፈተና መሀል ወድቀሽ ሁለት ቀን ተኝተሻል፤ አልጋሽ አጠገብ የተቀመጠችውም እሷ ናት። በዚያው ሰሞን ደውዬልሽ «ሀኮል በሴደር» ነበር ያልሽኝ። በሱኮት እንዳልሰማሁ ሆኜ ሰላጣሽን በላሁ። ተማሪዎች የሚኖሩበትን ሕንፃ ሳጸዳ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የሰው ልጅ ሲያተኩሰው ሻይ አፍልቼ እሰጣለሁ፣ የእኔን ልጅ ሌላ ሴት ታስታምማለች።

አሁን የሥራ ቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የምሠራበት ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ ራሱን እየገመገመ ነው። እያንዳንዱ ክፍል፣ የተማሪዎቹ መኖሪያ ሳይቀር፣ ጥንካሬውንና ጉድለቱን ራሱ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ከውጭ ሰዎች መጥተው እውነት መሆኑን ያያሉ፤ በመጨረሻ ለአምስት ዓመት ምን እንደሚሻሻል ይታቀዳል። እኛንም የጽዳት ሠራተኞቹን ጠየቁን። የኮሚቴዋ ሰብሳቢ፣ ፕሮፌሰር ያኤል፣ ብዕሯን ይዛ «በአንቺ ሕንፃ ምን ይጎድላል?» አለችኝ።

እንጀራ የሚያበላኝን ቤት ገመና ለእንግዳ ልዘርዝር? «ምንም አይጎድልም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ጻፈችው። የጎረቤት ሕንፃ ጥገና ሠራተኛው አሞስ ግን ከጣሪያው ጀምሮ እስከ በር እጀታው ሲዘረዝር አንድ ሰዓት ፈጀ። እቅዱ ሲወጣ ለእሱ ሕንፃ አዲስ ቧንቧ፣ አዲስ መስኮት፣ የማጥኛ ክፍል ተያዘለት። ለእኔ ሕንፃ «ሁኔታው ጥሩ ነው» የምትል አንድ መስመር። እኛ ዘንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳው ሻግቶ አንዲት ልጅ ስታስል ትከርማለች፤ በየእሑዱ በበረኪና የማሸው እኔ ነኝ። በሕንፃም ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ቅናቱ አላስቀምጥ ቢለኝ ያኤል ቢሮ ሄድኩ። «ለአሞስ ይህን ሁሉ ሰጥታችሁ እኛን እንዴት ረሳችሁን?» አልኳት። አልተቆጣችም።

«አመለወርቅ፣ ሰው ጉድለቱን የሚናገረው የሚያስተካክልልኝ አለ ብሎ ሲያምን ነው» አለችኝ። «ምንም አይጎድልም ስትዪን፣ እኛን አላመንሽንም ማለት ነው።»

መወልወያዬን ይዤ ወጣሁ። ጆሮዬ ላይ ያቃጨለው የአንቺ «ሀኮል በሴደር» ነው።

ከዚያ ወዲህ እኔም ራሴን እገመግማለሁ። አሥረኛ ክፍል ሆነሽ በሒሳብ ዝቅ ያለ ነጥብ ይዘሽ የመጣሽ ቀን ምን አልኩ? «አያትሽ ወደ እስራኤል ስንጓዝ ሱዳን በረሃ የቀረው ለዚህ ነው ወይ?» ብዬ ሦስት ቀን አለቀስኩብሽ። ልጅቷ ሒሳብ አቃታት እንጂ አያቷን አልገደለች። ከዚያ በኋላ ክፉ ነገር ነግረሽኝ አታውቂም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ መደበቅን ያስተማርኩሽ ግን እኔው ነኝ።

ባለፈው እሑድ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር ያኤልን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አፌ እንቢ ቢለኝ በጣቴ አሳየኋት። ልጅቷን በዚያው ቀን ደረቅ ክፍል ሰጧት፤ ግድግዳውም እቅዱ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ በእናትነቴ የጎደለውን አንቺ ጻፊልኝ። በዕብራይስጥም ይሁን፣ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ። አላለቅስም ብዬ አልዋሽሽም፤ ካለቀስኩም ኩሽና ገብቼ ነው።

ከላክሁልሽ በርበሬ ግማሹን ለያፊት ስጪያት። ልጄን አስታምማልኛለችና እግዜር ይስጣት። እንደሚያቃጥል ግን አትንገሪያት።

አንድ ነገር ብቻ ሳትደብቂ መልሺልኝ። ያን ቀን ሆስፒታል ዓይንሽን ስትገልጪ ማንን ጠራሽ? እኔን ካልሆነም ጻፊው፤ እችለዋለሁ።

ፈጣሪ ከመውደቅ ይጠብቅሽ። ብትወድቂም የሚያነሳሽ አያሳጣሽ፤ ያፊትም ብትሆን።

እናትሽ አመለወርቅ