ከግራዋ በኩል

ይድረስ ለአንተ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጉሮሮህስ ተሻለህ? ከሜዳ ስንለያይ ድምፅህ ዘግቶ ነበር። የቡድንህ ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል፤ አሞኛል እንዳልል ደግሞ የቱ ጋ ነው ብትለኝ የማሳይህ ቦታ የለኝም። እበላለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ ልጆቹን አሰለጥናለሁ።

ስልክህን ያላነሳሁት ንቄህ አይደለም። በስልክ አንተን የሚረታህ ሰው እንደሌለ ስለማውቅ ነው። ሁለት ቃል ስናገር በቀልድ ታቋርጠኛለህ፣ እስቃለሁ፣ ከዚያ ነገሩ ተድበስብሶ ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን እስከ መጨረሻው ታደምጠኛለህ።

በመሸነፏ አኩርፋ ነው ብለህ ለጓደኞቻችን ነግረሃቸዋል አሉ። መሸነፍ ብርቄ አይደለም፤ አብረን ስናሰለጥን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ስንቴ አሸንፈኸኝ ስንቴ አብረን ስቀን እንደገባን ታውቃለህ። ያኮረፍኩት በጭራሮ ምክንያት ነው።

ጭራሮ የምንላትን ቀጭኗን ልጅ ታውቃታለህ። ማልያው ጉልበቷን አልፎ የሚንዘላዘልባት፣ ቅርጫት ኳሱ እጇ ሲገባ ግን ትልልቆቹን ልጆች እንደ በር መጋረጃ ገለጥ እያደረገች የምታልፈው። ቡድኑን እንደተቀላቀለች ሰሞን ከጓደኛዋ ጋር ተላትማ ወድቃ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከግራዋ በኩል ተጠንቀቂ እያሉ ሲጮሁላት ዞር እንኳን አላለችም። ለብቻዋ ወስጄ ስጠይቃት መሬት መሬቱን እያየች፣ በሕፃንነቷ ታማ ግራ ጆሮዋ መስማት እንዳቆመ ነገረችኝ። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የግራውን ግድግዳ ተጠግታ የምትቀመጠው ለዚያ ነው። በፊት በነበረችበት ትምህርት ቤት አውቀውባት "ደንቆሮዋ" የሚል ስም አውጥተውላት፣ እናቷ እያለቀሰች ነው ያዛወረቻት። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩላት።

ለአንተ ለምን እንደነገርኩህ አትረሳውም። የወዳጅነት ጨዋታችንን ልትዳኝልን ነበር፤ ፊሽካ ሳይሰማት ቀርቶ ብትሮጥ እምቢተኛ እንዳትመስልህ ብዬ፣ ስትነፋ በቀኟ በኩል እንድትሆን ለመንኩህ። አታስቢ፣ እኔ ጋ የገባ ነገር ጉድጓድ ገባ በይው አልከኝ። በዚያን ዕለት ሜዳውን እየዞርክ በቀኟ ስትቆም፣ እሷ ሳታውቅ እሷን ስትጠብቅ ከዳር ሆኜ አየሁህ። ብዙ ነገርህን እወድልሃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ወድጄህ አላውቅም።

የውድድሩ መክፈቻ ላይ የአሰልጣኞቹን ቃለ መሐላ ያነበብከውም አንተ ነህ። አብረን ነው የጻፍነው። "የተጋጣሚያችን ልጆችም ልጆቻችን ናቸው" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አንተ ጨመርካት፤ እኔ ረዘመ ብዬ ልሰርዛት ነበር። ወላጆቹ እንዴት እንዳጨበጨቡልህ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ የዋንጫው ጨዋታ መጣ። እስከ እረፍት እየመራን ነበር፤ ጭራሮም ሜዳውን እንደ ቤቷ ጓዳ ታምሰው ነበር። ከእረፍት መልስ ሰባት ቁጥርህ ከኋላዋ፣ ሁልጊዜ ከግራዋ በኩል፣ ድምፅ ሳታሰማ እየመጣች ኳሷን ትነጥቃት ጀመር። መጀመሪያ ጎበዝ ልጅ ናት አልኩ። ደጋገመችው። ቀጥሎ ረጅሟ ልጅህ መጥታ በግራዋ በኩል እንደ ግንብ ቆመች። የእኔ ልጆች ከዚያው በኩል ተጠንቀቂ ብለው ጮኹ፤ ጭራሮ በሙሉ ፍጥነት ዞራ በፊቷ ገባችባት። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሟ ማልያው ላይ ወረደ። ያኔ ከተቀያሪዎችህ አንዷ "ተዋት፣ ደንቆሮ ናት እኮ" ስትል አግዳሚው ሙሉ ሳቀ። ወደ አንተ ዞርኩ። አንተ ሰሌዳህን ታያለህ። ቀና በል ብዬ ጠበቅሁህ፤ ቀና አላልክም።

ስንጨባበጥ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ አንቺም በእኔ ቦታ ብትሆኚ ታደርጊው ነበር አልከኝ። ያን ጊዜ እንኳን ከልጆችህ አንዷ ራሷ ነቅታበት ይሆናል ብዬ ላምንልህ እየታገልኩ ነበር። ማልያ መቀየሪያው ክፍል በር ላይ ሰባት ቁጥርህ አንገቷን ደፍታ እስክትጠብቀኝ ድረስ። አሰልጣኛችን ነው በእረፍት ሰዓት ግራ ጆሮዋ አይሰማም፣ በዚያ በኩል ግቡባት ያለን አለችኝ። ለጭራሮ ይቅርታ ይበሉልኝ ብላ ሜዳሊያዋን ልትሰጠኝ ዘረጋችልኝ። አንቺ የታዘዝሽውን ነው ያደረግሽው ብዬ መልሼ አንገቷ ላይ አጠለቅሁላት። አደራህን፣ ይህን በመናገሯ እንዳትቆጣት።

ጭራሮ አላለቀሰችም። ማልያዋን አውልቃ፣ አጣጥፋ፣ ደም ያለበትን በኩል ወደ ውስጥ አድርጋ ሰጠችኝ። ኮች፣ እኔ ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? እኔም ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገርኩት ልበላት?

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ነው ያነጋገረችኝ። ልጅቷ ከጓዳ አልወጣችም። እናቷ ለማን ነገርሽው አለችኝ። ለማምነው ሰው አልኳት። እግሯን ከመኪናው ላይ አንስታ፣ አሁንም ታምኚዋለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የቁጣ አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ተነሳሁ። እሷም መስፋቷን ቀጠለች።

የውድድር ኮሚቴው ቅሬታ ካለሽ አቅርቢ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። አላቀርብም አልኳቸው። ለአንተ አዝኜ እንዳይመስልህ። ቅሬታው ከቀረበ የልጅቷ ጆሮ በየወላጁ አፍ ሊገባ ነው፤ አንዴ ገመናዋ የወጣባት ልጅ ድጋሚ በእኔ እጅ እንዲወጣባት አልፈለግሁም። ስለዚህ ዋንጫው የአንተ ነው፤ ማንም አይነካብህም።

አሁን ወደ ልምምድ ተመልሳለች። እኔ ለምኛት አይደለም፤ በራሷ ጊዜ መጣች። ልጆቹን ሰብስባ፣ በግራ በኩል ስትሆኑ አትጥሩኝ፣ ትከሻዬን ንኩኝ አለቻቸው። እነሱም ወዲያው ለመዱት፤ አንዷማ አጠገቧ በደረሰች ቁጥር ትከሻዋን እየነካች አሰልችታታለች። ከእኔ ጋር ግን እንደ ድሮው አይደለችም። የማዝዛትን ትሠራለች፣ ዓይኔን አታይም። ልምምድ ሲያልቅ የምትነግረኝ የክፍል ወሬ ቀርቷል። ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። ብትጠላኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን ትጠነቀቀኛለች።

አንተን ስንት ጊዜ አሰብኩህ። ምናልባት ያን ዋንጫ አጥብቀህ ፈልገኸው ነበር፤ ምናልባት የክለቡ ሰዎች አስጨንቀውህ ነበር። ብትነግረኝ እሰማህ ነበር። ግን ከሁሉም የሚገርመኝ፣ ያን ነገር በእረፍት ሰዓት ለልጆቹ ስትነግራቸው ከማን አፍ እንደሰማኸው አለማሰብህ ነው። ወይም ማሰብህ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እናትህ ትናንት ደውለውልኝ ነበር። ስለ አዳራሹ፣ ስለ ልብሱ ቀለም፣ ከእኔ ወገን ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ልጅዎ ያስረዳዎታል ብዬ ዘጋሁት። ሠርጋችን ለምን እንደቀረ ከእኔ አይሰሙም፤ የሰውን ገመና ለሌላ ሰው መንገር ምን እንደሚያደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። አንተው ንገራቸው፤ ደግሞ ቀስ ብለህ ንገራቸው፣ ወድጃቸዋለሁ።

እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ። በእጅህ ያሉትን ልጆች ከክፉ ይጠብቅልህ፣ አንተንም ለእነሱ የምትበቃ ያድርግህ።

የተጋጣሚህ ቡድን አሰልጣኝ