ሰንጢዎን ስላለመመለሴ

ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን

ውድ አያ ኪዳኑ፣

ጤናዎን በመጠየቅ መጀመር እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ እጠይቃለሁም። ጉልበትዎ ተሽሎዎት እንደሆነ፣ ውርጩ ገብስዎን ምሮልዎት እንደሆነ መስማት ከልቤ እሻለሁ። ነገር ግን ሰላምታውን ካረዘምኩት ዋናውን ነገር ለመናገር የያዝኩት ድፍረት ያልቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርዎት የእርስዎን ድምፅ ስሰማ አንደበቴ ይተሳሰራል። የተማርኩትም እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ አጻጻፌ ቢጎድል ይታገሱኝ። ዳዊት የሚደግሙ ሰው ነዎትና ራስዎ ያንብቡት፤ ለሌላ ሰው አያስነብቡት።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ፋንታሁን ፍየል ሊገዛ ከደሃና ተነሥቶ ኒሯቅ ድረስ መጥቶ ነበር። እኔ ከምሠራበት ከፍየል በረት በር ላይ አገኘኝና ገና ሳንሳሳም መልእክትዎን ነገረኝ።

«ደግሰው፣ አያ ኪዳኑ ሰንጢዬን ላክልኝ ብለዋል።»

«የምን ሰንጢ?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«የእንጥሏን ነዋ። እህትህ ልትወልድ ደርሳለች። ልጁ በሰባት ቀኑ እንጥሉ ይቆረጣል፤ በሌላ ስለት ግን አልነካውም፣ እጄ የለመደው እሷን ነው ብለዋል። ደግሞ ፊትህ ምነው እንዲህ ሆነ? ሰንጢ ነው የጠየቅኩህ እንጂ ኩላሊት አይደለም።»

በዚያ ሰዓት ሰንጢዎ በቀኝ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእኔ ተለይታ አታውቅም። ፋንታሁን ሰንጢውን ይዞ እንዲመለስ ሁለት ቀን ጠበቀኝ፤ እኔም ዛሬ ነገ እያልኩ አጉላላሁት። እነሆ መልሴ፤ ሰንጢዎን አልመልስም። ምክንያቱን ደግሞ ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

ያስታውሱ እንደሆነ፣ ለሥራ ከቤት የወጣሁ ዕለት ሰንጢዋን በመዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን ያጠፉልኝ እርስዎ ነዎት። «ዓይኔ ደክሟል። አባቴ ለእኔ እንዳስረከበኝ ለአንተ አስረክቤያለሁ፤ ስትመለስ ያገሩ ሕፃን ሁሉ የአንተ ነው» አሉኝ። የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች መረቁኝ፤ እናቶች ትከሻዬን ሳሙኝ። እኔም ስለቷን ተቀብዬ ጉልበትዎን ሳምኩ። በእኛ አገር ስለቱን ያስረከበ ቆራጭ ሌላ ስለት እንደማያነሣ ስለማውቅ፣ ሰንጢዋ በእኔ ኪስ ካለች በእርስዎ ኪስ የለችም ብዬ አሰብኩ። የተቀበልኳት ወድጃት አይደለም። ሌባ እንደሚጠበቅ ስጠብቃት ኖርኩ። በቀን ሃያ ጊዜ ኪሴን እዳብሳለሁ፤ ስተኛ ከወገቤ ሥር አደርጋታለሁ። እንዳልጥላት እርግማንዎን ፈራሁ፤ እንዳልገለገልባት ተጸየፍኳት። እርስዎ መልሰው ይጠይቁኛል ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። ስህተቴ ይህ ነበር።

አያ፣ ሰንጢዋን መጸየፍ የጀመርኩት አሁን አይደለም። በእርስዎ እጅ ውስጥ እንዴት ትውል እንደነበር ቆጥረውት ያውቃሉን? ጠዋት የአህያ ኮቴ ትከረክማለች። ረፋዱ ላይ የበሬ እባጭ ታፈርጣለች፤ መግሉ እስከ እጀታዋ ይወርዳል። ቀትር ላይ በዚያችው ሰንጢ በለስ ልጠው ለእኔና ለእህቴ ለዓይናዲስ ያጎርሱናል። ከዚያ በጥላው ሥር ተቀምጠው የእግርዎን ጥፍር ይቆርጡባታል። ሕፃን ይዘው ሲመጡብዎት ደግሞ ምላጩ ላይ እንትፍ ብለው በጋቢዎ ጫፍ ያብሷታል። መታጠቧ ያ ነበር። በሕይወቴ ውኃ ስትነካ ያየኋት የዘነበብዎት ቀን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። የዓይናዲስ የመጀመሪያ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ራሱን በጉልበቶቼ መካከል አጣብቄ የያዝኩት እኔ ነኝ። እናቱን ወደ ውጭ አስወጧት፤ ባሏ ትእዛዙ ከበሩ አጠገብ ፊቱን አዙሮ ቆመ። እርስዎ በኸምጣና ቋንቋ የሚያጉተመትሙትን እያጉተመተሙ ጣትዎን አፉ ውስጥ አስገቡ፤ ያ ጣት ከጥቂት በፊት የታረደውን በግ አንጀት ሲያወጣ አይቼዋለሁ። ልጁ ሲያለቅስ ነበር፤ ከዚያ ልቅሶው ተቋረጠ፤ ሲመለስ ሌላ ድምፅ ሆኖ ተመለሰ። የቆረጡትን በጣትዎ አንሥተው ለሰዎቹ አሳዩ። ሰዎቹም አደነቁ።

ወዲያው ሰንጢዋን በጋቢዎ ጠርገው ከተሰቀለው በግ ጥሬ ሥጋ ቆረጡ፤ በጫፏ ወግተው ወደ አፌ ዘረጉልኝ። «ብላ፣ ጎርስ። እጅህ አልተንቀጠቀጠም፤ የወንድ ሥራ ሠርተሃል» አሉኝ።

ከታላቅ እጅ የመጣ ጉርሻ አይመለስም። አፌን ከፈትኩ። ጎረስኩም። በአፌ ውስጥ የቀመስኩት የበጉ ደም ይሁን የልጁ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም። እርስዎ ግን ደጋግመው ቆርጠው፣ አላምጠው፣ ጥርስዎን በሰንጢዋ ጫፍ ጎርጉረው አጠፏትና ኪስዎ ከተቷት።

ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡት አልያዘም። በተቆረጠ በሦስተኛው ቀን ሰውነቱ ጋለ፤ በዘጠነኛው ቀን ቀበርነው። እርስዎ በለቅሶው ላይ «እንጥሉ ቀድሞ ወርዶበት ነበር፤ ዘግይተው ነው የጠሩኝ» አሉ። ሰው ሁሉ አመነዎት። እኔ እንኳ ራሴን ነቀነቅኩ። አያ ኪዳኑ፣ ከእርስዎ ይልቅ የሚያስጠላኝ ያ ራስ መነቅነቅ ነው።

ኒሯቅ ስደርስ በፍየል በረት ሥራ ያለ ሰንጢ እንደማይሆን አወቅኩ። ገመድ ይቆረጣል፤ ለምልክት የፍየል ጆሮ ይበጣል፤ ከእግር እሾህ ይወጣል። ያለችኝ የእርስዎ ብቻ ስለነበረች አንጽቼ ልገለገልባት አሰብኩና በቆርቆሮ ጣሳ ውኃ አፍልቼ ቀቀልኳት። መታጠፊያዋን በሚስማር ጫፍ ስጎረጉረው እንደ ዝፍት የጠቆረ ነገር እየተላጠ ወጣ፤ ፀጉር ነበረበት፤ የደረቀ ቅባት ነበረበት፤ ምን እንደሆነ ልሰይመው የማልፈልገውም ነበረበት። ምንዋጋው የሚባለው የሥራ ጓደኛዬ አጠገቤ በለስ ሲልጥ ነበር።

«እዚያ ውስጥ አይጥ ነው የሞተው?» አለኝ አፍንጫውን ይዞ።

«የአጎቴ ሰንጢ ነች።»

«አጎትህ ምንድን ናቸው፣ ጅብ ያርዳሉ?»

በለሱን ትቶ ተነሣ። እኔ ከበረቱ ጀርባ ሄጄ አስመለስኩ። ሦስት ጊዜ ቀቀልኳት፣ በአመድ ፈተግኳት፣ በሎሚ አሸኋት፤ ሽታው ግን ከቀንድ እጀታዋ አልወጣ አለ። በዚያች መታጠፊያ ውስጥ የስንት ልጅ ደም እንዳለ ሳስብ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ከዚያ በኋላ ፍየል ለመንዳት ሰቆጣ በመጣሁ ቁጥር ሰንጢ መፈለግ ሥራዬ ሆነ። በሸራ ላይ ዘርግተው የሚሸጡትን አንድ በአንድ አነሣለሁ፣ እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ። የመጀመሪያው ቀይ እጀታ ያለው ነበር፤ በወሩ ምላጩ ላላ። ሁለተኛው እጀታው ላይ ባትሪ ነበረው፤ ያበራል እንጂ አይቆርጥም። ሻጩም ምንዋጋውም ተሰላቹብኝ።

«አንተ ሰው፣» አለኝ ምንዋጋው ሦስተኛውን ሳገላብጥ፣ «ሚስት ስትመርጥ እንዲህ ካሸተትክ ሳታገባ ነው የምትሞት።»

«መታጠፊያውን እያየሁ ነው።»

«መታጠፊያው ምን አለው?»

«ምንም የለውም። የምፈልገውም እሱን ነው።»

ይህ ሦስተኛው ተራ ነገር ነው፤ አንድ ምላጭ፣ የእንጨት እጀታ፣ ጫፉ ላይ የገመድ ቀዳዳ። ነገር ግን ሲከፈት እጀታው ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው፤ ወደ ፀሐይ ቢያነሡት ብርሃን ያሳልፋል፤ ቆሻሻ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። በውኃ አለቀልቀዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ አጥፌ ግራ ኪሴ እከተዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተመኘሁም። በረት ውስጥ ያሉት «አንዷ ለሥራ፣ አንዷ ለስለት ነው?» እያሉ ያፌዙብኝ ነበር። እውነቱን ብነግራቸው ዝም ይሉ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ፋንታሁን መልእክትዎን ያመጣ ዕለት ለዓይናዲስ ደወልኩ።

«ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ትእዛዙን አሳምኜዋለሁ፤ ሰቆጣ ሄጄ ሆስፒታል እወልዳለሁ። አያ ግን እዚያም ይመጣሉ። ትእዛዙን ታውቀዋለህ፤ ፊታቸው ሲቆም ውኃ ይሆናል።»

«እኔም ውኃ ነኝ፣ ዓይናዲስ።»

እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልዎት፦ «ያን ጊዜ የልጄን ራስ የያዝከው አንተ ነህ። አሁን መጥተህ በሩን ያዝ።»

ከአሠሪዬ ፈቃድ ጠይቄ ፋንታሁንንም አስከትዬ ወደዚህ መጣሁ። እሑድ ጠዋት ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። በማግሥቱ ልጁን አቅፌ ሳለ ሠርካለም የምትባለዋን ነርስ በሹክሹክታ ጠየቅኳት፤ ምናልባት እርስዎ ትክክል ቢሆኑስ የሚል ስጋት እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልለቀቀኝም ነበር።

«እህቴ፣ እንጥሉ ወርዶ ቢያንቀው ምን ይደረጋል?»

«እንጥል የሁሉም ሰው ጉሮሮ ላይ አለ፤ የተፈጠረው እንዲኖር ነው» አለችኝ። «የልጁን ተወው፤ የራስህን ላሳይህ። አፍህን ክፈት።» በስልኳ መብራት አየች። ከዚያ መብራቱን ዝቅ አደረገች። «የአንተ የለም። ማን ነው የቆረጠህ?»

ማን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት አላውቅም ነበር፤ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሌላውን ልጅ ደም ስጸየፍ በዚያች መታጠፊያ ውስጥ የራሴም እንደነበረ አላሰብኩም። እጄን ኪሴ ከትቼ ሰንጢዎን አወጣሁና በጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። አየቻት፤ አሸተተቻት፤ ወደ ኋላ አለች።

«ይኼን ኪስህ ውስጥ አድርገህ ነው ሕፃን ያቀፍከው?»

«አዎ።»

«ልጁን ለእናቱ ስጥና እጅህን ታጠብ።»

ጓንት አጥልቃ በሁለት ጣቷ አነሣቻት። ከግቢው ጀርባ የተገለገሉባቸው መርፌዎች የሚጣሉበት፣ በሲሚንቶ የተከደነ፣ ጠባብ አፍ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ አለ። «የአባት ቅርስ ከሆነ አሁን ተናገር» አለችኝ በጠባቡ አፉ ላይ ይዛት። ነው አልኳት። ቅርስ ነው፣ ጣይው አልኳት። ስትወርድ ድምፅ አሰማች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረም። እዚያ ውስጥ እጅ የሚያስገባ ሰው የለም።

እንግዲህ አያ፣ ቢቆጡ መብትዎ ነው። ቢረግሙኝም እርግማኑን በእኔ ላይ ብቻ ያድርጉት፤ እህቴንና ልጇን አይንኩ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እርስዎ መሆንዎን አልካድኩም። በክረምት የራስዎን ጋቢ ለእኔ አልብሰው እርስዎ ሲንቀጠቀጡ ያደሩበትን አልረሳሁም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን መጻፍ ምንኛ በቀለለኝ። የሚያሰቅቀኝ ያን ሁሉ የሚያደርጉት በፍቅር መሆኑ ነው፤ የሚያጎርሱትም የሚቆርጡትም በአንድ እጅ መሆኑ ነው።

ዓይናዲስ እስከ ክርስትናው ድረስ ትእዛዙ በተከራያት ክፍል ሰቆጣ ትቆያለች። ሰባተኛው ቀን ቅዳሜ ነው። ልጁን ማየት እንደሚሹ አውቃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ከሚያደርስልዎት ከፋንታሁን ጋር ይምጡ። በሩ ላይ እኔን ያገኙኛል። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልጻፈው፤ ጋቢዎን አውልቄ፣ ኪስዎን ፈትሼ፣ የመቀነትዎን እጥፋት ሳይቀር ፈትቼ ካላየሁ በቀር አላስገባዎትም። ምላጭ ባገኝ መልሼ ወደ ደሃና እሸኝዎታለሁ፤ ሰው ሁሉ እያየ ቢሆንም። ምንም ካላገኘሁ እጅዎን በሳሙና አስታጥቤ ልጁን በክንድዎ ላይ አኖርልዎታለሁ፤ እስኪደክምዎት ድረስ ይቀፉት።

ሲያለቅስም ያለቅስ፤ አፉን አይክፈቱት።

የእህትዎ ልጅ
ደግሰው