ለኢተፋ ዋስ ስለ ቆሙት ስድስት ሰዎች

አዳማ፣ ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.

አዳማ ላይ ለሚያስችሉት ለክቡር የጣልያን ዳኛ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና እጠይቃለሁ። እናትዎ በሕይወት ካሉ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ከወለድሁ በኋላ ስለሆነ እጄ ቢንቀረፈፍ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን በገበያው ዋርካ ላይ መለጠፌ፣ ችሎትዎ የዋለውም ፍርድዎ የተለጠፈውም እዚያው ስለሆነ ነው።

፩ኛ፤ ልጄን ኢተፋ ደገፋን የስልክ ሽቦ ቆርጠሃል ብለው በሕዝብ ፊት ስለ ዳኙት አመሰግናለሁ። ሽቦው በተቆረጠበት ቀን ዝዋይ እንደ ነበረ፣ ማን ቤት እንዳደረ፣ በአህያው ምን እንደ ጫነ፣ የዋርካው ጥላ አንድ ክንድ እስኪሄድ ድረስ ተናገረ። አስተርጓሚዎ ግን ጊዜዎን እንዳያባክን ሁሉንም በአንድ ቃል ጨረሰልዎ። ቃሉ «አምኗል» ማለት እንደሆነ ቋንቋዎን የሚሰሙ የባቡር ጣቢያ ሠራተኞች ኋላ ነገሩኝ።

፪ኛ፤ ችሎቱ ቅዳሜ ሲውል መስቀያው ሐሙስ ተሠርቶ ስለ ነበረ፣ ከፍርዱ እስከ ገመዱ ልጄ ፀሐይ ላይ ብዙ አልቆመም። ፍርዱ ሲነበብ አጨብጭቡ ተባልን፤ ያልቻልነውን ዘበኞችዎ በሰደፍ አስቻሉን። እኔም አጨበጨብሁ።

፫ኛው የራሴ ጥፋት ነው። በአገራችን ሰው ሲከሰስ የሚያውቁት ተነሥተው፣ ስማቸውን ተናግረው ዋስ ይሆኑታል። ይህም እንደዚያው ያለ ችሎት መስሎኝ ቤት ለቤት ዞሬ ስድስት ሰው ለመንሁ። አቶ ባጫ በምርኩዝ ተነሡ። ጨው ነጋዴው አብዱናሲር ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጸሐፊዎ ስማቸውን እስከ አያታቸው፣ ቤታቸውን እስከ በራቸው ጠይቆ ሲጽፍ፣ ምን ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው ብዬ መረቅሁት። በማግሥቱ ወታደሮችዎ መንገድ ሳይጠይቁ ስድስቱንም በር አገኙት፤ ሰዎቹም እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ሚስቶቻቸው በደጄ ሲያልፉ እንደ ወትሮው ሰላም ይሉኛል። ይህን አልቻልሁም። ልጄን ይመልሱልኝ አልልም። ስድስቱን ይመልሱልኝ።

በፈጣሪ ፊት ቆመው ቃልዎን በሚሰጡበት ቀን ይኸው አስተርጓሚዎ ከጎንዎ እንዳይለይ እየለመንሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የኢተፋ እናት፣ እልፍነሽ ወዬሳ

ረስቼው፤ ሰባተኛ ሆኜ ስነሣ ጸሐፊዎ ሴት ዋስ አትሆንም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ስድስቱን ሲለቁ ስፍራቸው ባዶ እንዳይሆንብዎ ስሜን ከዚህ በላይ ጽፌልዎታለሁ። ቤቴ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከውኃ ጉድጓዱ ቀጥሎ ያለው ነው። ወታደሮችዎ እንዳይደክሙ በሩን አልዘጋሁም።