ወንድምሽ ሊዘምት ነው

ይድረስ ለልጄ ለፈይዛ። አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ የአሰሪዎችሽን ልብ ያራራልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ዝናቡም ገብቷል።

የጎረቤታችን የዝናሽ ልጅ፣ ዋለ፣ ባድመ ላይ ሞተ። አብሮት የዘመተው ልጅ ቆስሎ ሲመለስ ነው የነገራት። ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ሰብስበውን «አሁንም ወጣቱ ይዝመት» ሲሉ፣ ዝናሽ ከል እንደለበሰች ተነሥታ «ስንት ልጅ ሲያልቅ ነው የሚበቃችሁ?» አለቻቸው። እኛም አንገታችንን ደፍተን ተበተንን።

በማግስቱ ወንድምሽ አብዱራህማን «እማ፣ ተመዝግቤያለሁ። ጓደኞቼ እዚያ እያለቁ እኔ እዚህ ልቀመጥ?» አለኝ። ለምኜው ለምኜው ደከመኝ። እኔን እንቢ ቢልም አንቺን ይሰማል። ድምፅሽን በካሴት ቅረጪና በሚመጣ ሰው ላኪለት፤ ሳይሄድ ይድረስልኝ።

አላህ ሁለታችሁንም ቤቴ ውስጥ ያሳየኝ።

እናትሽ ኡምኩልሱም፣ ከመካነ ሰላም