የቶሎሳ ቮልስና የጌዶ ጭስ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ካርቡራተሩን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩ። እጄ አሁንም ይሸታል። ደብተሬ፣ አንቺም ልትሸቺ ነው። ቤንዚኑን የሚለኩሱት ካንዴላዎች ጥቀርሻ ለብሰዋል። ቮልሷ ከሐምሌ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። ወንድሜ ቶሎሳ ቆላ ለመንገድ ሥራ ሄዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ በሳምንቱ ሞተ። መኪናዋ የሱ ነበረች። ናት።

የመኪናዋ ዓመታዊ ምርመራ አምልጦናል። መርማሪዎቹ እዚህ አምቦ የመጡ ሰሞን ቤታችን ለቅሶ ላይ ነበር። አሁን ጌዶ ናቸው፤ እስከ ዓርብ ብቻ። አባባ ቁርጡን ተናግሯል፤ ካላለፈች ይሸጣታል። ገዢም አለ። እናቴ ከቤት መውጣት ትታለች።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ከት/ቤት በቀጥታ ጋራዥ ሄጄ ጋሽ አብዶን ይዤው መጣሁ። ቶሎሳን መካኒክነት ያስተማረው እሱ ነው። ሞተሩ ተነሳ! ጎረቤት ሁሉ ብቅ አለ።

ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚንና አየር የምትመጥን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ስትጠብቅ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ስትላላ ይበዛል። ትናንት ሳጥብ ሆን ብዬ አልነካኋትም። ጋሽ አብዶ ካቻቢቴውን ሲሰጠኝ እጄ አልታዘዝ አለ። መጨረሻ የነካት ቶሎሳ ነው፤ እሱ እንዳቆማት አለች። ጋሽ አብዶ ገባው። “ተዋት፣ ደህና ናት። ልጁ ጆሮ ነበረው” አለኝ። እውነትም ለስላሳ ትሠራለች። ጭሱ በሚወጣበት ማርሚታ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ይዘን አየን። ንጹሕ። ዛሬ ራት ደገምኩ።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ፣ ምሽት 1 ሰዓት

ጌዶ ደርሰን መጣን። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

አባባ ነዳ። ጉደርን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ማጉረምረም ጀመረች። ጌዶ ስንገባ ከኋላችን ጥቁር ጭስ። መርማሪው ማርሚታው ላይ የያዘው ጨርቅ ከሰል መሰለ።

“ኦቦ፣ መኪናዎም ሐዘን ላይ ናት እንዴ?” አለ። ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ የአባባን ጥቁር ኮት አየ። የኔን ጥቁር ሸሚዝ አየ። ፊቱ ተለወጠ። “ዺፈማ ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለ። እስከ ስድስት ሰዓት አስተካክለን እንድንመለስ ፈቀደልን።

አባባ በቃ አለ። ገዢው የእህል ነጋዴ እዚያው ጌዶ ነው፤ ሊጠራው ሊሄድ ተነሳ።

ያኔ ፊዚክስ ትዝ አለኝ። ጌዶ ከአምቦ ከፍ ይላል። አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። በዛባት! ቶሎሳ የመጠናት ለአምቦ ነው። አልተሳሳተም። እዚህ አልነበረም፣ ያ ብቻ ነው።

ካቻቢቴውን አወጣሁ። አባባ እጄን ያዘኝ። ብሎኗ የማን እጅ እንዳለባት እሱም ያውቅ ኖሯል። ቆየና ለቀቀኝ። ሩብ ዙር አጠበቅኩ። ድምጿ ጠራ። ትንሽ ጨመርኩ፤ ተንተባተበች። መለስኩ። ጨርቁ ነጭ ወጣ። እሺ፣ ግራጫ። አለፈች! ቦሎዋ መስታወቷ ላይ ተለጠፈ።

ስንመለስ በነጋዴው ሱቅ በር አለፍን። አባባ ጡሩንባ ነፍቶ ሰላም አለው፤ አልቆመም።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

አምቦ ላይ ደግሞ ቤንዚን አነሳት፤ ታስላለች። ብሎኗን ቶሎሳ ወዳቆማት ቦታ ልመልሳት ሞከርኩ። ቦታውን አጣሁት። ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ትንሽ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ፈለግኩ። እናቴ በመስኮት ሆና፣ እዚያ ላይ ተዋት አለችኝ። ለካ እሷም ጆሮ አላት።

እናቴ ጉደር እህቷ ጋ ልትሄድ ነጠላዋን እያጣፋች ነው። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። አባባ ግቢ ውስጥ ብቻውን ሊያስነሳ ይታገላል። አልጠራኝም፤ ኮርቷል። ቤንዚን የሚያበዛውን ቾክ ስቦ ረስቶታል መሰለኝ፤ የቤንዚኑ ሽታ እዚህ ድረስ ይመጣል። እንደገና ሞከረ። እንደገና። ኧረ ካንዴላዎቹን በቤንዚን ሊያርሳቸው ነው! ቆይ፣ ወጥቼ ልርዳው።