ዳማን ማን ጋለባት?

ሰኞ

ዛሬ ፈረሴ ዳማ አፏን ከፍታ ራሷን ወደ ላይ ወረወረች። ትናንት እኮ የልጓሙን መሳቢያ፣ ዛቡን፣ በአንድ ጣት ስነካላት አገጯን ሰብስባ አንገቷን ትለቅልኝ ነበር። ዛሬ መጀመሪያው በርሜል ጋ ስንደርስ ብረቱን ነክሳ ቀጥ ብላ አለፈች። በርሜሉን በጉልበቴ ገጨሁት። ጉልበቴ አብጧል።

ክረምቱን ሙሉ ያስተማርኳት አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ ስስብ እሺ ካለች ወዲያው እለቅላታለሁ። ቅዳሜ በርሜል እየዞሩ የመሮጥ የመጀመሪያ ውድድራችን ነው። አሁን ምን ነካት?

ልጓሙን ስሰቅል የጉንጩ ማሰሪያ በአንድ ቀዳዳ ጠብቆ አየሁት። እኔ አላጠበቅኩትም።

ማክሰኞ

ኮርቻ የሚያርፍበት ጀርባዋ ላይ ላብ ደርቆ ጨው ሠርቷል። ግጦሽ ላይ የዋለች ባዝራ ይህን ላብ ከየት አመጣችው?

የጋጣውን ባለቤት ዶናን ጠየቅኳት። «ከእናንተ በቀር ማንም አይነካትም» አለችኝ። ለአንድ ሰውም «እናንተ» ማለት የዚህ የፈረንጅ አገር ሰው ልማድ ነው። ዓይኗን ግን ከባልዲው አላነሳችም። ለልጆች ግልቢያ ታስተምራለች፤ የራሷ ፈረሶች አርጅተዋል። የኔዋ ወጣት ናት።

ለባሌ ለብሩክ ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስልሻል» ብሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። አብረውን የሚኖሩት አባቱ፣ አባባ፣ ሌላ ቀን ስለ ፈረሷ ሳይጠይቁኝ አይውሉም። ዛሬ ዝም።

ረቡዕ

የከንፈሯ ጥግ ቆስሏል! በጨው ውሃ አጠብኩላት። ልጓም አላስገባሁም። ደሜ እንደፈላ ዶና ጋ ሄድኩ።

«በኔ ፈረስ ነው እንዴ የምታስተምሪው?»

ፊቷ ቀላ። «ቤተሰብሽን ጠይቂ» ብላኝ ሄደች።

ቤተሰብሽን? ቤት ስደርስ የብሩክን መኪና ፈተሽኩ። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ቡናማ የፈረስ ፀጉር፤ አጭር፣ ወፍራም። የሴት ፀጉር ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብዬ አሰብኩና ራሴን ታዘብኩ።

ነገ ተደብቄ ራሴ አያለሁ።

ሐሙስ

ሥራ ደውዬ አሞኛል አልኩ። ከጋጣው ማዶ፣ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ብሩክ መጣ። አባባን አወረዳቸውና ወደ ሥራ ሺፍቱ ሄደ።

ጉልበቴን እያሉ ደረጃ የማይወጡት ሰውዬ ዳማን ኮርቻ ጭነው፣ እርካቡን ረግጠው እንደ ጎረምሳ ጉብ አሉ። እንጅባራ ሳሉ በየበዓሉ ይጋልቡ ነበር። አቀማመጣቸው ያምራል፤ መካድ አልችልም። ግን እጃቸው! ሊያቆሟት ሲፈልጉ ዛቡን በሁለት እጅ ወደ ደረታቸው ይመነጭቁታል። ዳማ አፏን ከፈተች። የመኪናዬን በር እንኳ ሳልዘጋ ሮጥኩ።

«አባባ!»

«ሥራ አልሄድሽም እንዴ?»

«አፏን ይዩላት እስቲ።»

ወርደው ከንፈሯን ገለጥ አደረጉ። ቁስሉን አዩት። «እኛ አገር እንዲህ ካልያዝሻት አትሰማሽም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወርዷል።

«ትሰማለች አባባ። በጣት ነው የምትሰማው።»

በመኪናዬ ወደ ቤት ወሰድኳቸው። ቤት በር ላይ፣ «ቤት ተቀምጬ ስውል ነፍሴ ትጨነቃለች፣ ልጄ» አሉኝ።

ብሩክን ስይዘው «እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው» አለ። አዎ፣ እምቢ እል ነበር። እስካሁን አኩርፌዋለሁ።

ቅዳሜ

ውድድሩን ተውኩት። በዚህ ቁስል አላስሮጣትም። ዶናን ይቅርታ ጠየቅኳት። ለአባባ እኔ የፈቀድኩላቸው መስሏት ኖሯል፤ «እናንተ» ያለችኝም ቤተሰቡን ማለቷ ነበር።

አባባን ይዣቸው ሄጄ ነበር። ዳማ አፍ ውስጥ ብረት አላስገባንም፤ በአፍንጫዋ ላይ ገመድ ብቻ። እሳቸውን ጀርባዋ ላይ አስቀምጬ እኔ ከጎን ቆምኩ።

«በጣት ብቻ፣ አባባ። እሺ ስትልዎ ወዲያው ይልቀቁላት።»

የመጀመሪያውን በኃይል ሳቡት። «ይቅርታ» አሉ። እኔን አይደለም፣ እሷን። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ጠነከረባት። በኋላ ግን ጣታቸው ገና ሲነቃነቅ ዳማ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቀጥ አለች። እሳቸው ሳቁ። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም።

ስንወጣ፣ «ሰኞ ብሩክ ቢያደርሰኝስ? ፀጉሯን መቦረሽ ብቻ ነው» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው።

ልጓሙን ግን ከመስቀያው አውርጄ በመኪናዬ ይዤው መጣሁ።